ለፍጥረት ስም ያወጣ ሰው፤ ካርል ሊኒየስ

በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ እንግዳ ሸኝቶ ወይም ተቀብሎ የሚያውቅ ሰው ሁሉ፥ በሻንጣ እጀታ ላይ የምትታሰረውን ጭረት ጭረት ያለባትን ወረቀት ያውቃታል። ሺሕ ሻንጣ ቢደረደር፥ መልኩም ሁሉ አንድ ዓይነት ጥቁር ቢሆን፥ መሣሪያው ጭረቶቹን አንብቦ ይህ ወደ ናይሮቢ፥ ያ ወደ ስቶክሆልም ብሎ ይለየዋል። ዓይን የሳተውን ጭረቱ ያገኘዋል። የዘመናችን የሥነ ሕይወት ሊቃውንትም ከዚሁ ምሳሌ ወስደው፥ መልካቸው የሚመሳሰለውን ጥቃቅን የባሕር ፍጥረታት በሰውነታቸው ውስጥ በተጻፈው የዘር ፊደል መለየት ጀምረዋል፤ ዘዴውንም የዲ ኤን ኤ ባርኮድ ብለው ሰይመውታል። ነገር ግን ለይቶ ለመጥራት አስቀድሞ ስም ያስፈልጋል። ስለዚህ ለፍጥረት ሁሉ የስም ሥርዐት ያበጀውን የስዊድኑን ሊቅ የካርል ሊኒየስን ሕይወት፥ ልማቱንም ጥፋቱንም፥ ዛሬ ለአንባቢዎቻችን እናቀርባለን። ዘመኑን ሁሉ የጻፍነው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ሊኒየስ በ1707 በደቡብ ስዊድን ራስሁልት በምትባል መንደር ተወለደ። አባቱ ቄስ ነበረ፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ቀጥሎ የሚወደው የአትክልት ቦታውን ነበረ። ሕፃኑም የአበቦችን ስም እየጠየቀ አደገ። ወላጆቹ እንደ አባቱ ቄስ እንዲሆን ቢመኙም፥ መምህራኑ ለዚያ ሥራ የሚሆን ልጅ አይደለም ብለው አባቱን ተስፋ አስቈረጡት። ሮትማን የሚባል ሐኪም ግን የልጁን ዝንባሌ ተመልክቶ ሕክምና እንዲማር መከረ። በዚያ ዘመን መድኃኒት የሚቀመመው በአብዛኛው ከዕፀዋት ስለ ነበረ፥ ሕክምናና የዕፀዋት ትምህርት የማይለያዩ ነበሩ።

በ1727 ወደ ሉንድ፥ በማግሥቱም ዓመት ወደ ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ገባ። ከቤቱ የሚመጣለት ገንዘብ ጥቂት ስለ ነበረ ብዙ ተቸገረ፤ የተቀደደ ጫማውን በወረቀት ይደፍን እንደ ነበር ይነገራል። ሴልሲየስ የሚባሉ የሃይማኖት መምህር በአትክልቱ ቦታ አግኝተው ዕውቀቱን ባዩ ጊዜ ወደ ቤታቸው ወስደው አስጠጉት። በ1732 ወደ ሰሜን ወደ ላፕላንድ ብቻውን ተጓዘ፤ በ1735 ደግሞ ወደ ሆላንድ ሄዶ የሐኪምነት ማዕርጉን ተቀበለ። በዚያው ዓመት የተፈጥሮ ሥርዐት የተባለውን መጽሐፍ አሳተመ። በዚያን ጊዜ ትልልቅ ገጾች ያሉት ቀጭን መጽሐፍ ነበረ፤ ደራሲው በሕይወት ሳለ ግን እየታረመና እየተጨመረበት ብዙ ጥራዝ ሆነ። በ1741 በኡፕሳላ ፕሮፌሰር ተባለ።

የሊኒየስ ትልቁ ሥራ የቱ ነው ቢባል፥ ስምን ማሳጠሩ ነው። ከእርሱ በፊት አንድ ቅጠል የሚጠራው በረጅም የላቲን ዐረፍተ ነገር ነበረ፤ አንዱ ሊቅ የሚጠራበት ስምና ሌላው የሚጠራበት አይገናኝም ነበር። እርሱ ግን ለእያንዳንዱ ሁለት ቃል ብቻ ሰጠ፤ የፊተኛው ወገኑን፥ የኋለኛው ራሱን ዝርያውን ያመለክታል። እኛ ኢትዮጵያውያን ሰውን በስሙና በአባቱ ስም እንደምንለየው ያለ ነው፤ በእርሱ ሥርዐት የአባቱ ስም ይቀድማል እንጂ። ዕፀዋትን በ1753፥ እንስሳትን በ1758 በዚህ ሥርዐት ሰየመ። ዛሬም የዓለም ሊቃውንት ሁሉ የሚጠሩት በዚሁ ነው።

ደቀ መዛሙርቱንም ወደ ዓለም ዳርቻ ላከ፤ ብዙዎቹም በመንገድ ሞቱ። ከእነርሱ አንዱ ፎርስኮል የቀይ ባሕርን ዓሣና ሌሎችንም የባሕር ፍጥረታት ሰብስቦ፥ በ1763 ገና ወጣት ሳለ ከእኛ ባሕር ማዶ በየመን ሞተ። ሊኒየስ ራሱ ግን አፍሪካን አልረገጠም። አብዛኛውን የሩቅ አገር ፍጥረት የሰየመው ሰው ካመጣለት ናሙናና ከመጻሕፍት ነው። ጥፋቱ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

የቡናን ነገር እንውሰድ። በ1753 ቡናን ኮፊያ አራቢካ፥ ማለት የዓረብ ቡና ብሎ ሰየመው፤ አውሮፓ ቡናን ያወቀችው በየመን በኩል ነበረና። ዛሬ የዘር ምርመራ እንደሚያስረዳው፥ የዚህ ቡና ዘር ከሁሉ ይልቅ በብዙ ዓይነት የሚገኘው በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ጫካዎች ነው። ሆኖም ከቦሌ በአውሮፕላን የሚላከው ቡናችን እስከ ዛሬ የሚጠራው በዓረብ ስም ነው።

ከዚህ የከፋው ሰውን የመደበበት ነው። በ1758 የሰውን ልጅ በአራት ክፍል ከፍሎ፥ ለእያንዳንዱ ከቆዳው ቀለም ጋራ ጠባይ አደለው። ለአፍሪካዊ የሰጠው ስንፍናንና ተንኮልን ነው። ይህን የጻፈው አፍሪካን ሳያይ ነው፤ በኋላም ብዙዎች ለባርነትና ለንቀት ማስረጃ አደረጉት። የዛሬው የዲ ኤን ኤ ትምህርት ምደባውን አፍርሶታል። ማናቸውም ሁለት ሰዎች የሚለያዩት ከሺሕ ፊደል በአንድ ያህል ነው፤ የሰው ዘር ከሁሉ ይልቅ ልዩ ልዩ ሆኖ የሚገኘውም በአፍሪካ ነው።

ወደ ጥቃቅኑ ፍጥረት እንመለስ። ሊኒየስ ከአሸዋ ቅንጣት የማይበልጡ፥ የሸርጣን ዘመድ የሆኑ፥ በውሃ ውስጥ የሚዘሉ ፍጥረታትን ሞኖኩሉስ፥ ማለት አንድ ዓይና ብሎ በአንድ ወገን ሰበሰባቸው። ከእነዚህም መካከል ዛሬ ኮፔፖድ የምንላቸው ነበሩ። እርሱ ጥቂት ብቻ ቆጠረ፤ ዛሬ ግን ከ10,000 የሚበልጡ የኮፔፖድ ዝርያዎች ይታወቃሉ። በባሕር ውስጥ እጅግ ብዙ ከሆኑት እንስሳት መካከል ናቸው፤ ትናንሾቹ ዓሦች እነርሱን፥ ትልልቆቹ ትናንሾቹን ይበላሉ።

ሊኒየስ በ1761 የመኳንንት ማዕርግ አገኘ፤ በመጨረሻ ዘመኑ ግን በሽታ አእምሮውን አደከመው፤ በጥር ወር 1778 ሞቶ በኡፕሳላ ካቴድራል ተቀበረ። የሰበሰባቸው ናሙናዎች ለአንድ እንግሊዛዊ ተሸጠው ወደ ለንደን ተሻገሩ።

ከሞተ በኋላ ናሙናዎቹ መመስከር ቀጠሉ። ሊኒየስ ዝሆንን ሁሉ አንድ ዝርያ አድርጎ ሲሰይም ከተጠቀመባቸው አንዱ፥ በአልኮል የተቀመጠ የዝሆን ጽንስ ነበረ። በ2013 ሊቃውንት ፕሮቲኑን መርምረው፥ የእስያ ዝሆን ሲባል የኖረው ይህ ጽንስ የአፍሪካ ዝሆን መሆኑን አስታወቁ።

በኮፔፖድም እንዲሁ ሆነ። ከሊኒየስ ጋራ ይጻጻፉ የነበሩት የኖርዌይ ጳጳስ ጉነሩስ፥ በ1770 ዛሬ ካላኑስ ፊንማርኪኩስ የሚባለውን ሰየሙ። ግላሲያሊስ የሚባለው ዘመዱ እጅግ ስለሚመስለው፥ ሁለቱን የሚለዩት ብዙ ጊዜ በቁመት ነበረ። በ2017 ሊቃውንት ዲ ኤን ኤውን ቢመረምሩ፥ ግላሲያሊስ ይደርሳል ተብሎ ባልታሰበበት በብዙ የኖርዌይ የባሕር ሰርጥ ውስጥ ተገኘ። ቁመት አታሎ ነበር።

የባርኮዱን ዘዴ በ2003 ያቀረበው በካናዳ የጉዌልፍ ዩኒቨርሲቲው ፖል ሄበርት ከባልደረቦቹ ጋራ ነው። ፍጥረቱን በአልኮል ያስቀምጡታል፤ ዲ ኤን ኤውን ያወጣሉ፤ ከአንድ የታወቀ ዘረ መል 650 ያህል ፊደላት አባዝተው ያነባሉ፤ ያነበቡትንም ከመዝገብ ጋራ ያስተያያሉ። ኮፔፖድ በዕጭነቱ ከአዋቂው ፈጽሞ ስለማይመሳሰል፥ ለዕጩ ጥቅሙ ትልቅ ነው። ነገር ግን መዝገቡ ራሱ በስሕተት ከተጻፈ መልሱም ስሕተት ይሆናል። ስለዚህ በማጕሊያ መነጽር እግሩን ቈጥሮ የሚሰይም ሊቅ ዛሬም አስፈላጊ ነው።

አገራችን ዛሬ የባሕር ጠረፍ ስለሌላት ይህ ነገር ለእኛ ምን ይረባል የሚል ሊኖር ይችላል። ኮፔፖድ በኩሬና በሐይቅም ይኖራል። ሊኒየስ በ1758 ጊኒ ዎርም የሚባለውን ትልም ሰይሞ ነበር፤ ትሉና አንድ ዓይናው የውሃ ፍጥረት እንደሚገናኙ ግን አላወቀም። ይህን በ1870 የገለጠው ሩሲያዊው ፌድቼንኮ ነው። የትሉን ዕጭ የዋጠ ኮፔፖድ ያለበትን ውሃ የጠጣ ሰው፥ ከአንድ ዓመት ገደማ በኋላ እስከ አንድ ሜትር የሚደርስ ትል አብዛኛውን ጊዜ ከእግሩ ይወጣበታል። በጋምቤላ ወገኖቻችን ይህን ሥቃይ አይተዋል፤ በ2020 ዓ.ም. ብቻ 11 ሰዎች ታመውበታል። በውሾችና በዝንጀሮዎች የተገኘው ትል በሰው ላይ ካለው ጋራ አንድ ዝርያ መሆኑን ያረጋገጠው የዲ ኤን ኤ ምርመራ ነው። ስለዚህ ሰውን ብቻ መጠበቅ እንደማይበቃ ታወቀ፤ ውሃውን ማጥለልና ማከም፥ ውሻውንም ማሰር ግድ ሆነ። የአንዲት ቅንጣት ፍጥረት ማንነት የሰው እግር ጤና ነው።

ከቦሌ ተነሥቶ በጎሮና በቱሉ ዲምቱ አድርጎ ወደ ቢሾፍቱ የሚወርድ ሰው ሐይቆቹን ለመዝናኛ ያያቸዋል። ከዚያ ውሃ አንድ ብርጭቆ ቀድቶ በማጕሊያ መነጽር ቢመለከት ግን የሚርመሰመስ ሕዝብ ያገኛል። በጣና ሐይቅ የሚኖረውን ቴርሞዲያፕቶመስ ጋሌቢን፥ በሶዳ ሐይቆቻችን የሚኖረውን ፓራዲያፕቶመስ አፍሪካነስን የሰየሙት የውጭ አገር ሰዎች ናቸው። ይህንን የምንለው ለወቀሳ አይደለም፤ የደከመበት ሰው ስም ያወጣል።

ከሊኒየስ ሕይወት የምንማረው ሁለት ነገር ነው። በችግር ሳለ ትዕግሥቱና ሥርዐት ወዳድነቱ ታላቅ አደረጉት፤ ያላየውን እንዳየ አድርጎ መጻፉ ደግሞ አሳነሰው። ወጣት ተማሪም ሆነ በመሥሪያ ቤት መዝገብ ላይ የሚፈርም ወጣት ሹም ይህን ቢያስብ ይጠቀማል። ቀርቦ ሳይመረምሩ የሰጡት ስም፥ ለትል ይሁን ለሰው፥ አንድ ቀን ይመረመራል፤ አውጪውንም ያሳፍረዋል።