ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና የጦር ጥሪ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ልጆች! ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብን የምታውቋቸው በደረሷቸው መጻሕፍትና በግሸኑ የግማደ መስቀል ታሪክ ነው። ዛሬ ደግሞ ሠራዊታቸው እንዴት ይሰበሰብ እንደ ነበር እንማራለን።

ንጉሡ ከአባታቸው ከዐፄ ዳዊትና ከእናታቸው ከእግዚእ ክብራ በፈጠጋር ምድር ተወለዱ። ከመንገሣቸው በፊት እንደ ሌሎቹ የነገሥታት ልጆች በግሸን አምባ ተግዘው ይኖሩ ነበር። በ1426 ዓ.ም. ነገሡ፤ ሥርዓተ ንግሣቸውንም በአክሱም ጽዮን ፈጸሙ።

በዚያ ዘመን ወታደር በየወሩ ደመወዝ አይቈረጥለትም ነበር። ንጉሥ ለዘመቻ ሲጠራ የየአገሩ ገዥ ጉልበት ያላቸውን ወንዶች አስከትሎ ይመጣል። ዘማቹም ጋሻውንና ጦሩን አንሥቶ፣ ስንቁን ከቤቱ ይዞ ይወጣል። በቤት የሚቀሩት ሴቶች፣ ሽማግሌዎችና ሕፃናት ናቸው። በሬ ቢኖርም አራሽ ይታጣል። ገዥው ከሸፈተ ደግሞ ሰዎቹን ይዞ ይቀራል፤ ንጉሡም ያለ ሠራዊት ይቀራሉ።

ስለዚህ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የጨዋን ሠራዊት አበዙ። ዛሬ ጨዋ ስንል መልካም ጠባይ ያለውን ሰው ነው፤ ያን ጊዜ ግን የንጉሥ ወታደር ማለት ነበር። ጨዋ ከእርሳቸው በፊትም ነበረ፤ እርሳቸው ግን በደዋሮ፣ በባሊ፣ በሐድያና በባሕር ምድር ጭምር አሰፈሩት። ለአገልግሎቱም በመሬትና ከገበሬው በሚገባ ግብር ይተዳደር ነበር። በዚህ ጠረፉ ጠባቂ አገኘ። ነገር ግን ወታደሩን የሚቀልበው ያው ገበሬ ነበርና ሸክሙ ከትከሻው አልወረደም።

በ1438 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር የአዳሉ ሱልጣን በድላይ በደዋሮ ላይ ዘመተ። ንጉሡም ጎሚት በተባለ ቦታ ገጠሙት። በድላይ በጦርነቱ ወደቀ፤ ድሉም የንጉሡ ሆነ።

ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ለሃይማኖታቸው ቀናተኛ፣ በቅጣታቸውም ብርቱ ነበሩ፤ ለገዛ ልጆቻቸው እንኳ አልራሩም። 34 ዓመት ገዝተው በ1460 ዓ.ም. በደብረ ብርሃን ዐረፉ። ዐፅማቸው በጣና ሐይቅ በዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም ይገኛል።

ልጆች! የነገሥታትን ድል ስናነብ ከማሳው የተጠራውን ሰው አንርሳ። ታሪክ የንጉሡን ስም ጽፎ የእርሱን ሳይጽፍ ቀርቷል፤ እግዚአብሔር ግን ያውቀዋል። በጦር ሜዳ የሚወድቀውም በዚህም በዚያም ወገን የእናት ልጅ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን በቅዳሴዋ ዘወትር ስለ ሰላም የምትለምነው ለዚህ ነውና፣ እናንተም ዲያቆኑ ለጸሎት ሲያዝዝ ከልባችሁ ጸልዩ።

የመልመጃ ጥያቄዎች
፩. በዚያ ዘመን ጨዋ ማለት ምን ነበር?
፪. ጨዋውን ይቀልብ የነበረው ማን ነው?
፫. አባወራ ሲዘምት በቤቱ ምን ይጐድላል?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።