የጋውስ እናት ያልጻፈችው ቀን

እኔ የተወለድኩበትን ቀን በትክክል አላውቀውም። ዓመቱ ይታወቃል። ከዚያ ውጪ እናቴ የምትነግረኝ ኮንጋ ላይ ቡና በሚለቀምበት ወቅት፣ በገበያ ማግስት እንደወለደችኝ ነው። በየፎርሙ የምሞላው ቀን እንግዲህ ግምት ነው። ስለ ሒሳብ ሊቁ ካርል ፍሬድሪክ ጋውስ ሳነብ ከሁሉ ቀድሞ የያዘኝም ይኸው ጉዳይ ሆነ።

ጋውስ የተወለደው በጀርመን አገር፣ ብራውንሽቫይግ ከተማ፣ ከድሃ ቤተሰብ ነው። እናቱ ዶሮቴያ መጻፍ ስለማትችል ቀኑን ጽፋ አልያዘችም። የምታስታውሰው ዕለቱ ረቡዕ እንደነበረና ከዕርገት በዓል ስምንት ቀን እንደሚቀድም ብቻ ነው። ዕርገት ደግሞ ፋሲካን ተከትሎ ይዞራል። ልጁ አድጎ የፋሲካን ቀን የሚያወጣ ቀመር ሠራ፤ እኛ አገር በባሕረ ሐሳብ የሚሠራው ዓይነት ማለት ነው። በዚያ ሲሰላ ልደቱ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 30 ቀን 1777 ሆኖ ተገኘ።

እኔም ሞክሬ ነበር፤ አልሆነልኝም። ገበያ በየሳምንቱ ስለሚቆም መልሱ ብዙ ነው። አንድ እኩልታ ሁለት ያልታወቁ ነገሮችን አይፈታም የሚባለው ይኼ ነው።

ነገሩን በቡና እንየው። አባቴ አንድ ቀን 20 ኪሎ እሸት ቡናና 10 ኪሎ ጀንፈል ሸጦ 1800 ብር አመጣ እንበል። የእያንዳንዱ ዋጋ ከዚህ ብቻ አይታወቅም። በማግስቱ በዚያው ዋጋ 30 ኪሎ እሸትና 10 ኪሎ ጀንፈል ሸጦ 2200 ቢያመጣ ግን፣ ከሁለተኛው የመጀመሪያውን ስንቀንስ ጀንፈሉ ይጠፋል። 10 ኪሎ እሸት 400 ብር፣ ኪሎው 40 ማለት ነው። ይህን መልሰን ስናስገባ ጀንፈሉ 100 ይወጣል። (ዋጋው ለምሳሌ ነው፤ የቡና ዋጋ መቼ ቆሞ ይጠብቃል!)

ክፍል ውስጥ ይህን የጋውስ ኤሊሚኔሽን እንለዋለን። እውነቱን ለመናገር ግን ፈልሳፊው እሱ አይደለም። ቻይናዎች ከ2000 ዓመት ገደማ በፊት ይሠሩበት ነበር፤ ኒውተንም ጽፎበታል። የጋውስ ስም የተሰጠው እሱ ከሞተ ብዙ ቆይቶ ነው። ታዲያ ስሙ ለምን መጣ? መልሱ ሰማይ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1801 ፒያሲ የተባለ ጣሊያናዊ ሴሬስን አገኘ። ለ40 ቀናት ያህል ከተከታተለው በኋላ በፀሐይ ብርሃን ተሸፍኖ ጠፋበት። የ24 ዓመቱ ጋውስ ከነዚያ ጥቂት ምልከታዎች መንገዱን አሰላ፤ በዓመቱ መጨረሻ ሴሬስ እሱ ከጠቆመው ቦታ አካባቢ ተገኘ። በ1807 የጌቲንገን የከዋክብት መመልከቻ ኃላፊ ሆነ።

ከዚያ ሐዘን ተደራረበበት። ከልጅነቱ ጀምሮ ያስተማረው መስፍን ቀድሞ በ1806 በጦርነት ቆስሎ ሞቷል። በ1809 ባለቤቱ ዮሐና ከወለደች በኋላ አረፈች፤ ሕፃኑም ብዙ ሳይቆይ ተከተላት። ፓላስ በተባለው የሰማይ አካል ላይ ያቀረበው ሥራ የ1810 ነው። ስድስት ያልታወቁ ቁጥሮች ነበሩበት፤ ምልከታዎቹ ደግሞ ከዚያ ይበልጣሉ፣ እርስ በርስም ፍጹም አይስማሙም። ስሕተቱን በሊስት ስኩዌርስ አከፋፍሎ፣ አንዱን ያልታወቀ ቁጥር ከሌላው እያስወገደ በእጁ ፈታው። እኔ ሦስት ያልታወቁ ሲሆኑ እንኳ ምልክት ማጥፋቴ አይቀርም። ያን ሁሉ በዚያ ልብ እንዴት እንደሠራው ይገርመኛል።

በኋላም የሃኖቨርን ምድር ሲለካ ለዓመታት ከእኩልታ ጋር ኖሯል። እናቱን ወደ ጌቲንገን ወስዶ በ1839 እስክትሞት ከ20 ዓመት በላይ አብራው ኖረች፤ በመጨረሻ ዓይኗ ጠፍቶ ነበር። እሱም በ1855 እዚያው አረፈ።

እኔ ደግሞ ለዕረፍት ኮንጋ ስሄድ እናቴን አንድ ነገር እጠይቃታለሁ፤ ከገና በፊት ነበር ወይስ በኋላ?