ያልተለካውን ሰውነት የለኩ፤ የወይዘሮ ሊና ብራያንት ሕይወትና ሥራ

አንድ ልብስ በሁለት መንገድ ሊሰፋ ይችላል። የመጀመሪያው፣ ልብስ ሰፊው የለባሹን ደረት፣ ወገብና ዳሌ በሜትር ለክቶ ለዚያ ሰው ብቻ ቆርጦ የሚሰፋው ነው። ሁለተኛው ደግሞ ለባሹ ማን እንደሚሆን ሳይታወቅ አስቀድሞ በብዛት ተሰፍቶና ቁጥር ተለጥፎበት ለገበያ የሚቀርበው ነው። በመጀመሪያው መንገድ ልብሱ ሰውን ይከተላል፤ በሁለተኛው ግን ሰው ልብሱን ፈልጎ ይሄዳል። ስለዚህ ተሰፍቶ የሚሸጥ ልብስ የሚያመርት ሁሉ፣ ቢያስበውም ባያስበውም፣ አንድ ጥያቄ መመለሱ አይቀርም። ይኸውም ጨርቁ ሲቆረጥ በሐሳብ የታየው የማን ሰውነት ነው የሚለው ነው። ከዚያ ሐሳብ ውጭ የቀረ ሰው ገንዘብ እያለው እንኳ የሚለብሰው አያገኝም።

በአሜሪካ ይህን ጥያቄ በሥራ ከመለሱት ሰዎች አንዷ፣ ሌይን ብራያንት በተባለው የንግድ ስም የታወቁት ወይዘሮ ሊና ሒምልስታይን ብራያንት ማልሲን ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የዘመኑ የልብስ ሥራ

የወንዶች ልብስ በፋብሪካ መሰፋት የጀመረው ከሴቶች ልብስ ቀደም ብሎ ነው። አይዛክ ሲንጀር በ1851 የፈጠራ መብት ያገኘበት የስፌት መኪና የመስፋቱን ሥራ እጅግ አፈጠነው። ከ1861 እስከ 1865 በተካሄደው የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ደግሞ ለብዙ መቶ ሺህ ወታደሮች የደንብ ልብስ ማዘጋጀት ግድ ስለሆነ፣ የወታደሮቹ ልክ እየተወሰደ ተመዘገበ። ከጦርነቱም በኋላ የልብስ አምራቾች በዚህ ልምድ ተጠቅመው ለሲቪሉ ሕዝብ በቁጥር የተለየ የወንዶች ልብስ ማቅረብ ጀመሩ።

ለሴቶች ግን ይህን የመሰለ መዝገብ አልነበረም። ኤቤነዘር በተሪክ በ1863 በልዩ ልዩ ቁጥር የተዘጋጀ የወረቀት ቅድ ለገበያ ማቅረብ ስለጀመረ፣ ብዙ ሴቶች ልብሳቸውን በቤታቸው እየቆረጡ ይሰፉ ነበር። ተሰፍተው መሸጥ የጀመሩት የመጀመሪያዎቹ የሴቶች ልብሶችም በሰውነት ላይ ሰፋ ብለው የሚውሉት ካባና ካፖርት ነበሩ፤ እነዚህ ልክ ቢዛነፍባቸው እምብዛም አያስታውቅም። በ1890ዎቹ ሸሚዝና ጉርድ ተከተሉ። ወገብና ደረት አጥብቆ የሚይዘው ሙሉ ቀሚስ ግን ለረጅም ጊዜ በልብስ ሰፊ እጅ ቆየ።

የኒው ዮርክ የልብስ ፋብሪካዎች ጉልበት ደግሞ በአብዛኛው ከምሥራቅና ከደቡብ አውሮፓ የሚፈልሱ ድሆች ነበሩ። ወጣት ሴቶች በጠባብና በጨለማ ክፍሎች ታጭቀው ለረጅም ሰዓት ይሰፉ ነበር፤ የሚከፈላቸውም እጅግ ጥቂት ነበር። የሊና ታሪክ የሚጀምረውም ከእነዚህ ክፍሎች በአንዱ ነው።

ከስደት እስከ ሱቅ

ሊና ሒምልስታይን በ1879 በዚያን ጊዜ በሩስያ ግዛት ሥር በነበረችው በሊቱዌንያ ከአይሁድ ቤተ ሰብ ተወለዱ። እናታቸው ከወለዱ ከጥቂት ቀናት በኋላ ስላረፉ ያደጉት በአያቶቻቸው እጅ ነው። በ1895፣ በ16 ዓመታቸው፣ ከሩቅ ዘመዶቻቸው ጋር ወደ ኒው ዮርክ ተሻገሩ። ከደረሱ በኋላ ግን ዘመዶቻቸው ያመጧቸው ለልጃቸው ሊድሯቸው አስበው መሆኑን ተረዱ። ይህንንም እምቢ ብለው ከእርሳቸው ቀድማ ወደ ገባችው እኅታቸው ሄዱና የውስጥ ልብስ በሚሰፋበት ቤት ተቀጠሩ። የመጀመሪያ ደመወዛቸው በሳምንት 1 ዶላር ነበር። እጃቸው ቀልጣፋ ስለነበረ ጥቂት ዓመታት ሳይቆዩ ሳምንታዊ ደመወዛቸው እስከ 15 ዶላር ደረሰ።

በ1899 ዴቪድ ብራያንት የተባለ የጌጣጌጥ ነጋዴ አግብተው ሥራውን ተዉ። በዓመቱም ራፋኤል የተባለውን ወንድ ልጅ ወለዱ። ነገር ግን ባለቤታቸው ብዙም ሳይቆይ በሳንባ ነቀርሳ ሞተ። በ20 ዓመታቸው መጀመሪያ ላይ የሚገኙት ሊና ሕፃን ልጅ ታቅፈው ያለ ገቢ ቀሩ። ከሟች ባለቤታቸው የተሰጣቸውን የአልማዝ ጉትቻ በመያዣ አስይዘው የስፌት መኪና ገዙ፤ በቤታቸውም የሙሽራ ልብስና የሴቶች የውስጥ ልብስ እየሰፉ ልጃቸውን ማሳደግ ጀመሩ።

ደንበኞቻቸው እየበረከቱ ሲሄዱ በ1904 በኒው ዮርክ በአምስተኛው ጎዳና፣ ከከተማው የንግድ ማእከል ራቅ ባለው በሐርለም ሠፈር፣ አነስተኛ ሱቅ ከፈቱ። ከሱቁ ጀርባ ባለው ክፍል ከልጃቸው ጋር ይኖሩ ነበር። ከዘመድ የተበደሩትን ገንዘብ በባንክ ለማስቀመጥ በሄዱ ጊዜ ሊና የሚለው ስማቸው በላቲን ፊደል ሲጻፍ ሁለት ፊደላት ቦታ ተለዋወጡና ሌይን ተብሎ ተመዘገበ። ስሕተቱን ለማረም አፍረው ዝም አሉ። በስሕተት የተጻፈውም ስም የድርጅቱ መጠሪያ ሆኖ ቀረ።

ቁጥር 5 የተባለው ቀሚስ

በዚያ ዘመን በከተማ የምትኖር ጨዋ ሴት እርግዝናዋ በግልጽ መታየት ከጀመረ በኋላ ከቤት አትወጣም ነበር። ልማዱ እንዲህ ስለሆነ ለነፍሰ ጡር ሴት የአደባባይ ልብስ የሚሰፋ አልነበረም፤ ልብሱ ስላልነበረም ልማዱ ይበልጥ ጸና። አንዲት ደንበኛ ነፍሰ ጡር ሳለች ለሰው ፊት የሚበቃና የማያስጨንቅ ልብስ እንዲሰፉላት በጠየቀቻቸው ጊዜ ሊና መፍትሔውን አገኙ። የቀሚሱን የላይኛውን ክፍል ከሽንሽን ጉርድ ጋር በላስቲክ መቀነት አገናኙት። ላስቲኩ ከወገብ ጋር አብሮ ይሰፋል፤ ሽንሽኑም ሆዱ በገፋ መጠን ይዘረጋል። ይህ ልብስ በትእዛዝ ዝርዝሩ ላይ በነበረው ተራ ቁጥር 5 ተብሎ ተጠራና ዝናው በሴቶች ዘንድ ከአፍ ወደ አፍ ተሰማ።

ከስፌት ሙያ አኳያ ሲታይ የቀሚሱ ብልሃት ልክን በአንድ ቁጥር ላይ አለማቆሙ ነው። የነፍሰ ጡር ሴት ወገብ ከወር ወደ ወር ስለሚለወጥ፣ ለዛሬው ልክ የተቆረጠ ልብስ ከጥቂት ሳምንት በኋላ አያገለግልም። ሊና ለውጡን አስቀድመው በቅዱ ውስጥ አስገቡት። አንድ ልብስ ለብዙ ወራትና ለብዙ ሴቶች የሚሆን ከሆነ ደግሞ ለባሿ ሳትለካ አስቀድሞ በብዛት ሊሰፋ ይችላል።

በ1909 ሊና አልበርት ማልሲን የተባለውን መሐንዲስ አገቡ። እርሱም እንደ እርሳቸው የሊቱዌንያ ተወላጅ ነበር። ከዚህ በኋላ ሊና የልብሱን ንድፍ፣ አልበርት ደግሞ የምርቱንና የንግዱን ሥራ ይመሩ ጀመር። ሆኖም ጋዜጦች እርግዝናን የሚያነሳ ማስታወቂያ አናትምም ይሉ ስለነበረ ሥራውን ማስፋፋት አስቸጋሪ ሆነ። በ1911 ኒው ዮርክ ሄራልድ ማስታወቂያቸውን ለማተም ተስማማ። በማግሥቱ በሱቁ የነበረው የነፍሰ ጡር ልብስ ተሸጦ አለቀ። ወደ ሱቅ መምጣት ለሚያፍሩና በሩቅ አገር ለሚኖሩ ሴቶችም ካታሎግ ተዘጋጅቶ በፖስታ ይላክ ጀመር። በ1917 የድርጅቱ ዓመታዊ ሽያጭ ከ1 ሚሊዮን ዶላር አለፈ።

ከመቁረጥ በፊት መለካት

የነፍሰ ጡር ልብስ ከሚገዙት መካከል ሌላ ችግር የነበረባቸው ሴቶች ነበሩ። እነዚህ ሙሉ ሰውነት ስለነበራቸው በገበያ የሚቀርበው ልብስ የማይበቃቸው ናቸው። የዘመኑ አምራቾች ትልልቅ ቁጥሮችን የሚያዘጋጁት ለቀጭን ሴት የተሠራውን ቅድ በየስፌቱ እኩል እየጨመሩ ነበር። ነገር ግን የሰው አካል ሲወፍር በሁሉም ቦታ እኩል አይጨምርም። የአንዷ ደረት ሰፍቶ ዳሌዋ እንደነበረ ይቆያል፤ የሌላዋ ዳሌ ሰፍቶ ትከሻዋ ጠባብ ይሆናል። ስለዚህ እንዲያው የተስፋፋው ልብስ በአንድ በኩል እያጣበቀ በሌላ በኩል ይንዘረፈፍ ነበር።

ማልሲኖች ይህን በግምት ሳይሆን በልኬት ሊፈቱት ተነሡ። አልበርት በሰውነት ቅርጽ ላይ የሚተጣጠፍ መለኪያ አዘጋጀ፤ የ4,500 ደንበኞችም ልክ ተወሰደ። በዚህም ላይ አንድ የሕይወት ኢንሹራንስ ድርጅት ስለ 200,000 ያህል ሴቶች የሰበሰበው መረጃ ተጨመረበት። ጥናቱ ሙሉ ሰውነት አንድ ዓይነት ሳይሆን በሦስት ዋና ዋና መልክ የሚታይ መሆኑን አመለከተ። ስለሆነም ለእያንዳንዱ መልክ የራሱ ቅድ ተዘጋጀ። በ1923 የድርጅቱ ሽያጭ 5 ሚሊዮን ዶላር ሲደርስ፣ ሙሉ ሰውነት ላላቸው ሴቶች የሚሠራው ልብስ ከነፍሰ ጡር ልብስ የበለጠ ይሸጥ ነበር። አልበርት ማልሲን ግን በዚያው ዓመት ሞተ።

ሊና ለሁለተኛ ጊዜ ባል ቢሞትባቸውም ሥራው አልቆመም። ከሁለተኛው ጋብቻቸው ሦስት ልጆች ወልደው ነበር። የድርጅቱንም አመራር ከጊዜ በኋላ ልጃቸው ራፋኤል ተረከበው። ድርጅቱ ለሠራተኞቹ ከትርፍ ድርሻ፣ ሕክምና፣ ጡረታና የሕይወት ኢንሹራንስ በመስጠት ቀዳሚ ከሚባሉት አንዱ ሆነ። አክሲዮኑ ለሕዝብ በተሸጠ ጊዜም ከመቶ 25 እጁ ለሠራተኞች እንዲቆይ ተደረገ። በድንገተኛ አደጋ ልብሳቸው የጠፋባቸውን ደንበኞችም ከቀይ መስቀል ጋር በመተባበር በአዲስ ያለብስ ነበር። በ1947 በቴክሳስ ሲቲ ወደብ በደረሰው ታላቅ ፍንዳታ ጊዜ የተደረገው እርዳታ ለዚህ ምሳሌ ነው።

የሥራቸው ሚዛን

ይሁን እንጂ የዚህ ዘመን የልብስ ኢንዱስትሪ ታሪክ ደስ የሚያሰኝ ብቻ አይደለም። የሊና ማስታወቂያ በጋዜጣ በወጣበት በ1911፣ መጋቢት 25 ቀን፣ በዚያው በኒው ዮርክ የሴቶች ሸሚዝ ይሰፋበት በነበረው በትራያንግል ፋብሪካ በተነሣ ቃጠሎ 146 ሠራተኞች አለቁ። ከእነርሱም አብዛኞቹ እንደ ሊና በልጅነታቸው የተሰደዱ ሴቶች ነበሩ። ተሰፍቶ የሚሸጥ ልብስ ለገዢዋ ርካሽ የሆነው ብዙ ጊዜ ልዩነቱን ሰፊዋ ስለምትከፍል ነበር። ሊና ከዚያ ሕይወት ወጥተው አሠሪ ሆነዋል፤ ለሠራተኞቻቸው ያደረጉት ሁሉ ግን በመኪናው ፊት የተቀመጡበትን ዘመን እንዳልዘነጉ ያመለክታል። የሙሉ ሰውነት ልብስ ንግድም ቢሆን በዚያ ዘመን ሴቲቱን ቀጭን አስመስሎ ማሳየትን እንደ ዋና ተስፋ ይሰጥ ነበር። ልብሱ ልኳን ቢያከብርም ማስታወቂያው መልኳን እንድትደብቅ ይመክራት ነበር።

የልክ ጥያቄም በማልሲኖች አላበቃም። የአሜሪካ የእርሻ ሚኒስቴር በ1939 እና በ1940 ወደ 15,000 የሚጠጉ ሴቶችን በ59 የሰውነት ክፍሎች አስለክቶ ውጤቱን በ1941 አወጣ። በ1958 የታወጀው የሴቶች ልብስ ቁጥር ደረጃም በዚህ ላይ ተመሠረተ። ነጭ ያልሆኑ ሴቶች ልክ ግን ከስሌቱ እንዲወጣ ተደርጎ ነበር። በመሆኑም መንግሥታዊው ጥናት በስፋቱ ከማልሲኖች ልኬት ቢበልጥም፣ እርሱም ከጨርቁ ጠረጴዛ ላይ ያስቀረው ሰውነት ነበረ። ደረጃው በ1983 ተነሣ።

ወይዘሮ ሊና ብራያንት ማልሲን በመስከረም 26 ቀን 1951 በኒው ዮርክ አረፉ። ድርጅታቸውም በ1982 ዘ ሊሚትድ ለተባለው ኩባንያ ተሸጠ። የስፌት መኪናን አልፈለሰፉም፤ ተሰፍቶ የሚሸጥ ልብስንም አልጀመሩም። ያደረጉት ነገር ገበያው እንደሌሉ የሚቆጥራቸውን ሴቶች መቁጠርና መለካት ነው። ልብሱ ሰውን የማይከተልበት ዘመን ከመጣ፣ ቢያንስ መቀሱ ከመነሣቱ በፊት ሰውን የሚያስብ አንድ ባለሙያ ሊኖር እንደሚገባ አሳይተዋል። የቁጥር ወረቀት በልብስ ላይ የሚለጥፍ ሁሉ ከእርሳቸው የሚወርሰው ሙያዊ ግዴታ ይኸው ነው።