ዳግማዊ አፄ ምኒልክ እና የእጅ ሙያተኞች ክብር

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. በሸዋ፣ አንጎለላ ተወለዱ። አባታቸው ኃይለ መለኮት የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ልጅ ሲሆኑ፣ እናታቸው ወይዘሮ እጅጋየሁ በቤተ መንግሥቱ አገልጋይ ነበሩ። የዘር ሐረግ የሰውን ዕጣ በሚወስንበት በዚያ ዘመን ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።

አባታቸው በ1848 ዓ.ም. ሲያርፉ፣ ገና ልጅ የነበሩት ምኒልክ በአፄ ቴዎድሮስ ወደ መቅደላ ተወሰዱ። በ1857 ዓ.ም. አምልጠው የሸዋን ዙፋን ያዙ። ከዓመታት በኋላም ዛሬ በጉለሌ ክፍለ ከተማ በሚገኘው እንጦጦ ከተሙ፤ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ንጉሠ ነገሥት ሆነው ዘውድ ደፉ።

በዘመኑ ማረሻና ጦር የሚሠራው ቀጥቃጭ፣ ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋና ቆዳ ፋቂው እጅግ ይናቁ ነበር። ጠይብና ቡዳ እየተባሉ ይሰደቡ፣ ከጋብቻም ይገለሉ ነበር። ባላባቱ ሸማኔው የሠራውን ኩታ ለብሶ ሸማኔውን ይንቃል፤ ቀጥቃጩ በሠራው ጦር ታጥቆ ቀጥቃጩን ይጸየፋል።

ንጉሠ ነገሥቱ በ1900 ዓ.ም. ይህን የሚከለክል አዋጅ አወጡ። አዋጁ የሰው ልጅ ሁሉ ከአዳምና ከሔዋን መወለዱን አስታውሶ፣ ሠራተኛን በሙያው መስደብ ካለማወቅ የመጣ መሆኑን ገለጸ፤ ተሳዳቢውም በእስራት እንዲቀጣ ደነገገ። የሥራ ሰው እየተሰደበ ሙያውን ከተወ አገር ባለሙያ አልባ እንደምትቀር ንጉሠ ነገሥቱ ተረድተው ነበር። በዚያው ዓመት ሚኒስትሮችን ሲሾሙም፣ በልጅነታቸው በጦርነት ተማርከው ቤተ መንግሥት የገቡትን ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስን የጦር ሚኒስትር አደረጉ።

ይሁን እንጂ አዋጁ ንቀቱን በአንድ ጊዜ አላጠፋውም። መኳንንቱ በትውልድ መመካታቸውን አልተዉም፤ ስድቡም ንጉሠ ነገሥቱ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ ለብዙ ዘመን ቀጥሏል።

ዛሬ ከእንጦጦ ግርጌ፣ በዚያው በጉለሌ፣ ሽሮ ሜዳ በሸማ ሥራና ገበያ ይታወቃል። አብዛኞቹ ሸማኔዎች ከጋሞ ደጋ የመጡ ቤተሰቦች ልጆች ናቸው። የበዓል ልብሱን ለመግዛት ወደዚያ የሚወጣ ዜጋ ሁሉ፣ ጥበቡን አድንቆ ጠቢቡን መናቅ ከመቶ ዓመት በፊት በአዋጅ የተከለከለ ነውር መሆኑን ቢያስታውስ መልካም ነው።