መተማን ዘሎ ያለፈው ፊልምና ሠዓሊው

መተማ ዮሐንስ ቆማችሁ ወደ ምዕራብ ብታዩ ገላባት እዚያው ናት፤ ሱዳን። እኔ የድርቡሽን ስም እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ስለዚህ በስልኬ «ዘ ፎር ፌዘርስ» የተባለውን የ1939 ፊልም ስከፍት፣ ድርቡሾቹ በቀለም ሲጋልቡ አይቼ ፈዝዤ ቀረሁ። ይሄን ዓለም ማን ሠራው ብዬ ስፈልግ ያገኘሁት ስም ቪንሰንት ኮርዳ ነው።

ኮርዳ እ.ኤ.አ. በ1897 ሃንጋሪ፣ ቱርኬቬ በምትባል ከተማ ተወለደ። ሙያው ሥዕል ነበር። ዳይሬክተሩ ታላቅ ወንድሙ አሌክሳንደር ግን ወደ ፊልም ሳበው፤ በ1931 «ማሪዩስ»ን አብረው ሠሩ። ከዚያ በኋላ ሸራውን ትቶ አርት ዳይሬክተር ሆነ። አርት ዳይሬክተር ማለት ተዋናዩ ሳይመጣ ቤቱን፣ ገበያውን፣ ቤተ መንግሥቱን በወረቀት ነድፎ የሚያሠራ ሰው ነው። እኛ ፊልም አይተን ተዋናዩን እናደንቃለን፤ የቆመበትን ግድግዳ ማን እንዳሰበው ግን አንጠይቅም።

በ1936 «ቲንግስ ቱ ከም» ላይ ገና ያልመጣችውን የወደፊት ከተማ ሠራ። «የባግዳድ ሌባ» እንግሊዝ አገር ተጀምሮ ጦርነት ሲመጣ አሜሪካ ተጨረሰ፤ ኮርዳም በዚህ ሥራው ኦስካር ወሰደ። በ1949 ደግሞ «ዘ ሰርድ ማን» ላይ በጦርነት የፈራረሰችው ቪየና ነበረች። በ1979 ለንደን ውስጥ አረፈ።

ወደ «ዘ ፎር ፌዘርስ» ልመለስ። ዳይሬክተሩ ሌላው ወንድሙ ዞልታን ነው፤ የበረሃው ክፍል የተቀረፀው እዚሁ ጎረቤታችን ሱዳን ውስጥ ነው። ታሪኩ ካርቱም በወደቀችበት በ1885 ይጀምርና በ1898 ወደ ኦምዱርማን ጦርነት ይሄዳል። መሃል ላይ 1889 አለ፤ በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 1881፣ አጼ ዮሐንስ ከዚሁ ጦር ጋር ተዋግተው መተማ ላይ የወደቁበት። ፊልሙ ዘሎት ያልፋል።

በኮርዳ አልፈርድም። እሱ የተሰጠውን ታሪክ ነው የነደፈው፤ ታሪኩም የእንግሊዞች ነበር። ቅር ያለኝ በራሳችን ነው። የንጉሡን ድንኳን፣ የድርቡሹን ቅጥር፣ የመጋቢትን ሐሩር ለእኛ ማን ይሳለው? ኮርዳም የጀመረው ሥዕል በመሣል ነው። እርሳስና ወረቀት ደግሞ መተማም ይገኛል።