ሮበርት ላውዝ፤ ሰዋስውና ባለ ቋንቋው

ሰው የአፍ መፍቻ ቋንቋውን ለመናገር የሰዋስው ሕግ ያስፈልገዋልን? ይህ ጥያቄ በእንግሊዝ አገር ለብዙ ዘመን ሲያከራክር ኖሯል። በክርክሩ ውስጥ ስሙ ዘወትር የሚነሣው፣ ብዙ ጊዜም ከጥፋቱ በላይ የሚወቀሰው ጳጳሱ ሮበርት ላውዝ ነው።

ላውዝ እ.ኤ.አ. በ1710 በዊንቸስተር ከተማ ከካህን አባት ተወለደ። በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተምሮ፣ በ1741 በዚያው የሥነ ግጥም ፕሮፌሰር ሆነ። በላቲን የሰጣቸው ትምህርቶች በ1753 ታተሙ፤ በእነርሱም የዕብራይስጥ ግጥም በሐሳብ ትይዩነት የቆመ መሆኑን፣ ይኸውም ሁለተኛው ሐረግ የመጀመሪያውን በሌላ ቃል የሚደግም ወይም በተቃራኒው የሚመልስ መሆኑን አስረዳ። መዝሙረ ዳዊት ለሚደግም ሰው ነገሩ እንግዳ አይደለም፤ ሥርዓቱን አብራርቶ በመግለጽ ዝናን ያተረፈው ግን ላውዝ ነው።

በ1762 ስሙን ሳይገልጽ አንዲት አነስተኛ የእንግሊዝኛ ሰዋስው መጽሐፍ አሳተመ። የጽሕፈቱ መነሻ ልጁን ቶማስ ሄንሪን ለማስተማር የነበረው አሳብ ነው። በመቅድሙ ችግሩ የቋንቋው ሳይሆን የተጠቃሚው ነው ሲል ተከራከረ። ይህንንም ለማስረዳት በግርጌ ማስታወሻዎቹ ከታላላቅ ደራስያን ሥራ ስሕተት ያላቸውን እየነቀሰ አወጣ፤ ሼክስፒርና ሚልተን እንኳ አልቀሩለትም። ከአንድ ዓመት በፊት፣ በ1761፣ ጆሴፍ ፕሪስትሊ ያሳተመው ሰዋስው ግን የቋንቋ ዳኛ ልማድ ነው የሚል አቋም ነበረው። እነሆ ሁለቱ ወገኖች ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እስከ ዛሬ አልታረቁም።

ይሁን እንጂ ላውዝ እንደሚነገርለት ግትር አልነበረም። መስተዋድድን በዐረፍተ ነገር መጨረሻ ማኖር በእንግሊዝኛ ጭውውት የተለመደ፣ ለቀላል ጽሑፍም የሚስማማ መሆኑን አምኗል፤ ለከበረ ጽሑፍ ግን ከፊት ማስቀደሙ ይበልጥ ያምራል አለ። ይህን ሲጽፍም የራሱን ሐረግ በመስተዋድድ ጨረሰ። ለባለቤቱ በላካቸው ደብዳቤዎችም መጽሐፉ የነቀፋቸውን አነጋገሮች መጠቀሙን የኋላ ዘመን ተመራማሪዎች አሳይተዋል።

ምክሩን ወደ ብረት ሕግ የለወጡት ተከታዮቹ ናቸው። በትውልዱ አሜሪካዊ የሆነው ሊንድሊ መሪ በ1795 በእንግሊዝ አገር ያሳተመው ሰዋስው ከላውዝ ብዙ ቀድቷል፤ በሁለቱም አገሮች ለረጅም ዘመን የትምህርት ቤት መጽሐፍ ሆነ። ሁለት አሉታ እርስ በርሱ ይፋረሳል የሚለውም ደንብ በክፍል ውስጥ ጸና፤ ነገር ግን ቾሰርና ሼክስፒር አሉታን እየደራረቡ ጽፈዋል፣ የሚረዳቸውም አላጡም። በዚህም የተነሣ ብዙ ልጅ ከእናቱ አፍ የሰማውን አነጋገር እንደ ነውር መቁጠር ተማረ።

ላውዝ በ1766 ጳጳስ ሆነ፤ በ1777 የለንደንን መንበር ያዘ፤ በ1778 የኢሳይያስን ትርጉም አሳተመ። ሰዋስው የጻፈለት ልጁ በዚያው ዓመት ሞተ፤ ከሰባቱ ልጆቹም ብዙዎቹ ቀደሙት። በ1783 የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስነት ቢቀርብለት አልቀበልም አለ። በ1787 አረፈ።

ከሕይወቱ ለእኛ ለሙያ ባልደረቦች የሚተርፍ ትምህርት አለ። ባለ ቋንቋው ትምህርት ቤት ከመግባቱ በፊት የሚናገርበት ሥርዓት በውስጡ አለ፤ ለመናገር ሕግ አይሻም። ለአደባባይ ጽሕፈት ግን፣ ለማመልከቻም ሆነ ለፍርድ ቤት፣ ሌላ ልብስ መልበስ ይገባዋል፤ ይህንንም ያላስተማሩት ሰው ይጎዳል። እንግዲህ ቀዩን እስክሪብቶ ከማንሣታችን በፊት፣ ተማሪው የጻፈው አሳቡን የሚያደበዝዝ ነው ወይስ ለቦታው የማይስማማ ብቻ ብለን እንጠይቅ። ሰዋስው በግእዝ መሰላል ማለት ነው። መሰላል ለመውጫ ይቆማል እንጂ ደጅ ለመዝጊያ አይጋደምም።