ፕሮፌሰር ታምራት አማኑኤል፤ ሰው ያዘጋጁ ሰው

ቂርያት አርየ ባሉት ኩባንያዎች ሥራ የጀመሩ ወጣቶቻችን አንድ ነገር ደጋግመው ይሰማሉ፤ ማሽን ማንም ይገዛል፣ ተወዳዳሪ በቀላሉ የማይቀዳው ሰውንና የሥራ ባህልን ነው ይባላል። እኛ ይህን ስንሰማ ትዝ የሚሉን ነጋዴ አይደሉም፣ አስተማሪ ናቸው። ወላጆች ስማቸውን ያውቁታል፤ ልጆች ግን ብዙዎቻችን አልሰማንም።

ታምራት አማኑኤል በ1888 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ጎንደር አካባቢ፣ ጀንዳ ተወለዱ። በዚያ ዘመን የፕሮቴስታንት ሚሲዮኖች የቤተ እስራኤል መንደሮች ድረስ ገብተው ነበር። መጽሐፍ አላቸው፣ ትምህርት ቤት አላቸው፣ ገንዘብም አላቸው። ቀለም የጠማው ልጅ ታዲያ ወዴት ይሂድ? ታምራትም የተማሩት አስመራ፣ በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። ይህን መደበቅ አያስፈልግም። የሌላውን ቤት አሠራር ከውስጥ ማወቃቸው በኋላ የጠቀማቸው ይመስለናል።

በ1904 ዶክተር ያዕቆብ ፋይትሎቪች ከፓሪስ ወደ ኢትዮጵያ መጡ። ሲመለሱ ሁለት ልጆች ይዘው ሄዱ፤ አንዱ ጌቴ ኤርምያስ፣ ሌላው ታምራት። የዶክተሩ ስልት ግልጽ ነበር። ሚሲዮንን በገንዘብ መብለጥ አይቻልም፤ ጥቂት ልጆችን መርጦ በደንብ ማስተማርና አስተማሪ አድርጎ ወደ አገራቸው መመለስ ግን ይቻላል። ታምራት ፓሪስ በአልያንስ ትምህርት ቤት፣ ከዚያም ጣሊያን አገር ፍሎረንስ በራቢዎች ኮሌጅ ተማሩ። ወደ ኢትዮጵያ የተመለሱት በ1920 ነው። አስቡት፤ ልጅ ሆነው ወጥተው ሠላሳ ዓመት አልፏቸው ነው የተመለሱት። ዛሬ የትኛው ድርጅት ነው ለአንድ ሠራተኛ ይህን ያህል ዓመት የሚጠብቀው?

በ1920ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ ላይ የቤተ እስራኤል ልጆች ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ኃላፊው ታምራት ሆኑ። ልጆቹ ከጎንደር መንደሮች ሳምንታት የሚፈጅ መንገድ ተጉዘው ይመጡና እዚያው እያደሩ ይማራሉ። ጎበዝ የሆኑት ደግሞ ወደ ኢየሩሳሌም፣ ወደ ግብፅና ወደ አውሮፓ ይላካሉ፤ በጠቅላላው ሃያ አምስት ያህል ልጆች በዚህ መንገድ ወጥተዋል። እንግዲህ ቦታው አከራካሪ ነው። አዲስ አበባ መንግሥት ያለበት ከተማ ነው፣ በር ይከፈታል። ከወገን ግን ይርቃል፤ ልጁ ፈረንሳይኛ ሲያውቅ የአባቱን መንደር ይረሳል። እኛ ሁለቱንም ወገን እንረዳለን፤ የኛም ማኅበር ልጆች ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ ሰፈሩን ጥለው ይሄዱ ይሆን እያልን እንሰጋለን።

በባህል ጉዳይም ከዶክተሩ ጋር ሁልጊዜ አልተስማሙም። ፋይትሎቪች የቤተ እስራኤል ሥርዓት በቶሎ የአውሮፓ አይሁዶችን እንዲመስል ይፈልጉ ነበር። ታምራት የአውሮፓን ትምህርት ቢወዱም በኢትዮጵያዊነታቸው የሚኮሩ ሰው ነበሩ፤ አገሬውን ከላይ ሆኖ የሚያይ ሰው አይጥማቸውም። ስለ ኢትዮጵያ ደራስያን በአማርኛ የጻፉትም ለዚህ ይመስለናል።

ከዚያ ጣሊያን መጣ። በየካቲት 1937 በግራዚያኒ ላይ የግድያ ሙከራ ከተደረገ በኋላ የተማረ ወጣት እየታደነ ይገደል ጀመር። ታምራት በዚያው ዓመት ወደ ግብፅ ተሰደዱ። ትምህርት ቤቱም እንደ ቀድሞው አልቀጠለም። የብዙ ዓመት ልፋት በአንድ ጊዜ የጠፋ ይመስል ነበር። ከነጻነት በኋላ በመንግሥት ሥራ አገለገሉ፣ ፓሪስም በኢትዮጵያ ኤምባሲ ሠሩ። በ1963 እስራኤል አገር አረፉ።

ሕንፃው ቢጠፋም ሰዎቹ ነበሩ። ታደሰ ያዕቆብ እስከ ምክትል ሚኒስትርነት ደረሱ። ዮና ቦጋለ ደግሞ በ1950ዎቹ የመንግሥት ሥራቸውን ትተው የቤተ እስራኤል ትምህርት ቤቶችን ሥራ ያዙ። በ1955 እና በ1956 ሃያ ሰባት ወጣቶች እዚህ እስራኤል፣ ክፋር ባትያ መጥተው ተማሩ፤ የተመረጡት ተመልሰው አስተማሪ እንዲሆኑ ነበር። ያው የድሮው ስልት፣ አሁን ግን ልጆቹ በቡድን ነው የመጡት። በኋላ ገንዘቡ ሲቋረጥ አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ የአምቦበር ግን ቆየ።

ከወላጆቻችን መካከል አምቦበር የተማረ ካለ የአስተማሪውን ስም ለልጆቹ ይንገርልን፤ ለሚቀጥለው ዓመት መጽሔታችን ልንጽፈው እንፈልጋለን።